እትዬ ጠብታና የሚዛኑ ቁልፍ

በትምህርት ቤታችን ኬሚስትሪን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ማን ነበር ብትሉኝ፣ ዲግሪ የጫኑትን ሁሉ ትቼ ዕቃ አጣቢዋን እጠራለሁ። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ዛሬ የከተማው ውሃ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነጭ ጋዋን ለብሼ የምውለው እሳቸው ስለነበሩ ነው። ባይኖሩ ኖሮ የት እንደምገኝ ልንገራችሁ? እናቴ ፀጉር ቤት፣ ቢጎዲን ስጠቀልል። ሥራውን ንቄ አይደለም፤ ግን እኔ እንኳን የሰው ፀጉር የራሴንም ሳልጨርስ ነው ማበጠሪያውን የምወረውረው።

እትዬ ጠብታ ነበር የምንላቸው። ስሙን ያወጣላቸው ከእኛ በፊት የነበረ ተማሪ ነው፤ ማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ቡሬት የሚባል ረጅም ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለ። ከታች ትንሽ ቧንቧ አለው፤ አሲዱ በእሱ እየተንጠባጠበ ከሥር ወደተቀመጠው ፍላስክ ይወርዳል። የፍላስኩ ቀለም ሊለወጥ ሲል ቧንቧውን ጠበቅ ማድረግ ነው። ተማሪ ደግሞ፣ በተለይ እኔን የመሰለው፣ ጭራሽ ይለቀዋል። ያን ጊዜ እትዬ ማጠቢያው ጋ ቆመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ "ጠብታ፣ ጠብታ" ይላሉ። ጀርባቸውን ሰጥተው እንዴት እንደሚያዩን እንጃ። ማጅራታቸው ላይ ሌላ ዓይን አላቸው እየተባለ ይወራ ነበር።

ላብራቶሪው በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ነው። አራት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ጠርዛቸው በአሲድ የተበላ፤ ሦስት ማጠቢያዎች፣ አንዱ ተጠግኖ የማያውቅ። እትዬ ከሥሩ ባልዲ ደቅነው የሚያፈሰውን ውሃ ለወለል መወልወያ ያጠራቅሙታል። ሰማያዊ ሽርጥ ያደርጋሉ፤ የመነጽራቸው አንዱ ክንፍ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ትምህርት ያቋረጡት ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ እናታቸው ሲሞቱ ታናናሾቻቸውን የሚያሳድግ ጠፋ። ትምህርት ቤቱ የቀጠራቸው ወለል እንዲወለውሉና መስኮት እንዲያጸዱ ነበር። እኔ ሳገኛቸው እዚያች ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

እኔ ችኩል ነኝ። አሁንም ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ይብስብኝ ነበር። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" የምትለዋን ተረት እናቴ እንደ መድኃኒት በቀን ሦስቴ ትሰጠኝ ነበር፤ ምንም አላሻለኝም። ከፍተኛ ኬሚስትሪ የሚባለው ክፍል የገባሁትም በእልህ ነው። ታላቅ ወንድሜ "እሱ ላንቺ አይሆንም" አለኝ፤ በቃ፣ በማግሥቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። እናቴ ደግሞ ወሬውን ለደንበኞቿ በተነችው። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ሁሉ፣ ጆሮዋ እየጮኸባት ባትሰማም፣ የእናቴ ልጅ ከፍተኛ ኬሚስትሪ እንደምትማር ሳይነገራት አትወጣም።

ልጇ ግን በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ያመጣችው አርባ አንድ ነው። ከመቶ። እኔ መጽሐፉን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ፤ ከሽፋን እስከ ሽፋን ሸምድጄዋለሁ። ፈተናው ላይ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ያ ሁሉ ሽምደዳ ገደል ገባ። ኮስታራው (የኬሚስትሪ መምህራችንን በሌለበት እንዲያ ነበር የምንለው፤ ሲስቅ ያየው የለም) ውጤቱን ካነበበ በኋላ ሕጉን ነገረን። በዓመቱ መጨረሻ ስልሳ አምስት ያልሞላ ሰው ከክፍሉ ይወጣል፤ ከዚህ ክፍል የወጣ ደግሞ የሳይንስ ኮሌጅ በር አይከፈትለትም። እኔን አየት አደረገኝ መሰለኝ፤ ወይም ጥፋተኛ ስለሆንኩ መስሎኝ ይሆናል። ቤት ገብቼ ለእናቴ "ደህና ነው" አልኳት።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ቡሬት ሰበርኩ። ቧንቧው አልዞር ሲለኝ በጉልበት ጠመዘዝኩት፤ ቀጭ አለ። ኮስታራው አልጮኸም፤ ለሁለት ወር ከትምህርት በኋላ ከእትዬ ጋር ዕቃ እንዳጥብ ፈረደብኝ። ደሜ ፈላ። አርባ አንድ ያመጣች ልጅ ማጥናት እንጂ ማጠብ ምን ያደርግላታል?

የመጀመሪያው ቀን ብሩሹን ይዤ ፍላስኮቹን መፈተግ ስጀምር እትዬ እጄን ያዝ አደረጉ። አንዱን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት። ከሥሩ የቀረችው ፈሳሽ ቀይ ናት። የዚህ ባለቤት አሳልፏል አሉኝ። ሌላውን አነሡ፤ ቢጫ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ፈርቶ ሳይደርስ ቆሟል አሉ። ከሃያ አንድ ፍላስክ ሁለቱ ብቻ ብርቱካንማ ነበሩ፤ የደረሱት እነዚያ ናቸው። ከዚያ አንድ ደማቅ ቀይ አነሡና ዓይኔን ዓይኔን እያዩ፣ ይሄ ያንቺ ነው አሉኝ። የእኔ ነበር። ደብተሬ ላይ ግን ከጎኔ ከነበረችው ልጅ የገለበጥኩት ያማረ ቁጥር ተጽፏል። እሳቸው ደብተሬን አላዩም፤ ግን አወቁ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

"ሌላ ጊዜ ያየሽውን ጻፊ፤ ስህተትም ቢሆን የራስሽ ይሁን። በሰው ቁጥር ማን የት ደርሷል?" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እያጠብን ይጠይቁኝ ጀመር። ሞል ምንድን ነው አሉኝ አንድ ቀን። እኔ ሆዬ፣ የመጽሐፉን ትርጉም በአንድ ትንፋሽ ለቀቅኩት። ሰምተው ሲያበቁ ያ መጽሐፉ ያለው ነው፤ አንቺስ ምን ትያለሽ አሉኝ። ለካ ምንም አልልም! ሁለት ቀን አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን ሚስማር መጣልኝ። ሚስማር የሚሸጠው በኪሎ ነው፤ አናጢው ግን የሚፈልገው በቁጥር ነው። የአንዱን ሚስማር ክብደት ካወቀ፣ ቁጭ ብሎ መቁጠር የለበትም፤ መዝኖ ስንት እንደሆነ ያውቃል። አቶም በዓይን አይታይም፣ አይቆጠርም፤ ስለዚህ እንመዝነዋለን አልኳቸው። እትዬ ብሩሹን አስቀመጡት።

"ሳይቆጥሩ መቁጠር ነዋ! ይኼን ሁሉ ዓመት ስመዝን እየቆጠርኩ ኖሯል?" አሉ።

እሳቸውን ሳስረዳ ነው ለእኔም የገባኝ። ለእትዬ "ሕጉ ነው" ብሎ ነገር የለም፤ "እሺ፣ ለምን?" ነው መልሳቸው። ያልገባኝን ነገር ገብቶኛል ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስናገር ያውቁብኛል፤ አላውቅም ስል ደግሞ አይስቁብኝም። ወደ ቤት ስሄድ መልስ ያጣሁበትን ጥያቄ ይዤ እሄዳለሁ፤ በማግሥቱ ይዤው እመጣለሁ። ሁለት ወሩ አለቀ፤ ቅጣቱ ቀረ፤ እኔ ግን አልቀረሁም። የወሩ ፈተና ሃምሳ ሦስት ሆነ። ቀጥሎ ስልሳ፣ ከዚያ ስልሳ ስምንት። ለእናቴ ስልሳ ስምንቱን ወረቀት ሳሳያት ከመስታወቱ ጎን፣ የዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ ለጠፈችው። አንዷ ደንበኛዋ የቀለም ዋጋ መስሏት ተከራከረቻት።

እትዬ ግን ዕቃ ማጠብ አይደለም የሚወዱት። ልባቸው ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ሚዛኑ ጥግ ላይ፣ መስታወት በሮች ባሉት ሳጥን ውስጥ፣ በቁልፍ ተዘግቶ ይቀመጣል፤ የፀጉር ዘለላ ክብደት ያውቃል ይባልለታል። አመዛዘኑን ኮስታራው ራሱ ነው ያስተማራቸው፤ ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ሥራ ሲበዛበት። ከዚያ ወዲህ ለተማሪ የሚዘጋጀውን ሁሉ የሚመዝኑት እሳቸው ናቸው። ደንቡ አይፈቅድም፤ ግን ማን ይጠይቃል? ቁልፉ በሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ነው። ሲመዝኑ መነጽራቸውን ያስተካክላሉ፤ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ማንኪያውን በጣታቸው ጫፍ መታ መታ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ብታዩአቸው ዕቃ አጣቢ አትሏቸውም። እኔ እንኳን፣ ምላሴ የማያርፈው፣ ጸጥ እላለሁ።

የዓመቱ መጨረሻ መጣ። የተግባር ፈተናው ከሃያ ነው። ፍላስክ ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔት የሚባል ነጭ ዱቄት የሟሟበት ውሃ አለ፤ ቡሬቱ ውስጥ አሲድ አለ፤ ስንት ሚሊ ሊትር አሲድ ሲገባ ቀለሙ እንደሚለወጥ ለክቶ መጻፍ ነው። ከበላያችን ካሉት ተማሪዎች ወሬ ወርዷል፦ መልሱ በየዓመቱ ሃያ አምስት ነው። ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ጠብታ በጠብታ ሄድኩ። ሃያ አንድ ነጥብ አራት ላይ ቀለሙ ተለወጠ። ደገምኩ፤ ሃያ አንድ ነጥብ አራት። ሠለስኩ፤ ያው። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ሃያ አምስት እየጻፈ ነው፤ አንዳንዱ ለማስመሰል ሃያ አራት ነጥብ ዘጠኝ። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሃያ አምስት ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅብኛል? ግን ሦስቱም ፍላስኮቼ ፊቴ ተደርድረዋል፤ ሦስቱም ብርቱካንማ ናቸው። ሃያ አንድ ነጥብ አራት ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

ሰኞ ውጤት ተነበበ። የተግባር ፈተና፦ ዜሮ። ጠቅላላ፦ ስልሳ አንድ። ኮስታራው በአንዴ አላለፈኝም፤ ቀና ብሎ፣ ከሁሉም በዚህች ልጅ ተስፋ አድርጌ ነበር አለ። በአራት ነጥብ ወጣሁ። ከክፍል ስወጣ መሬቱ አይታየኝም ነበር። በቀጥታ ላብራቶሪ ገባሁና በእትዬ ላይ ወረድኩባቸው። ዛሬ ሳስታውሰው ያሳፍረኛል። ያየሽውን ጻፊ ብለው ገደል ከተቱኝ አልኩ፤ ያልጻፉት አለፉ፣ እኔ ወደቅኩ አልኩ፤ ዕቃ አጣቢ የሰማ ሰው ይኼው ነው ዕጣው አልኩ። አዎ፣ ይህንንም ብያለሁ። እትዬ እጃቸውን ሳያደርቁ ሰሙኝ። ሲያልቅልኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ስንት አገኘሽ?"

ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ፣ አንድ ዓይነት። ፍላስኮችሽን እኔ ነኝ ያጠብኳቸው አሉኝ፤ ሦስቱም ልክ ነበሩ፤ ስለዚህ የተሳሳተው ሌላ ነገር ነው። ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደው ማሰሮ የሚያክሉ ሁለት የፕላስቲክ ዕቃዎች አወረዱ። አንዱ ያለቀው፣ አንዱ አዲሱ። ሁለቱም ክዳናቸው አረንጓዴ ነው። እትዬ የባዕድ ቋንቋ ስለማይገባቸው ዕቃዎቹን የሚያውቁት በክዳንና በመቀመጫቸው ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተሳስተው አያውቁም። ጽሑፉን አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩ። አዲሱ ላይ፣ ከስሙ ሥር በደቃቅ ፊደል፣ አሮጌው ላይ የሌለ አንድ ቃል ነበር፦ ውሃ ያለበት።

ምን ማለት ነው አሉኝ። እኔም ዓመቱን ሙሉ እንደለመድኩት አስረዳኋቸው። እያንዳንዱ ሚስማር ላይ ትንሽ ውሃ ተጣብቆበታል በሉ አልኳቸው፤ ስለዚህ ድሮ የሚመዝኑትን ያህል ቢመዝኑም፣ ከክብደቱ ከፊሉ ውሃ ነው፤ ሚስማሩ በቁጥር ያንሳል። ታዲያ ሃያ አምስቱ ስንት መሆን ነበረበት አሉኝ። ወረቀት ስቤ አሰላሁት። ሃያ አንድ ነጥብ አራት ወጣ።

ከደስታዬ ብዛት ዘለልኩ። እውነቴን ነው፤ እጄን አጨበጨብኩ። ልክ ነኝ፣ ልክ ነኝ እያልኩ ዞር ስል እትዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳስረዳኋቸው የገባኝ። የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው። ነገሩ ከወጣ ደግሞ አንዲት ወለል ወልዋይ ለፈተና ስትመዝን መኖሯም ይወጣል።

ከዚያ እጃቸውን አደረቁ፤ ሽርጣቸውን ፈቱ፤ ሁለቱን ዕቃ በብብታቸው ይዘው ተነሡ። እኔ እስከ መምህራን ቢሮ በር ተከተልኳቸው። ይቅር፣ አይናገሩ ልላቸው አስቤ ነበር ብል ደስ ይለኛል። አላልኩም። አራት ነጥቤን ፈልጌ ነበር። በሩ ሲዘጋ ኮስታራውን "ልጅቷ ልክ ናት፤ አመዛዘኔ ነው የተበላሸው" ሲሉት ሰማኋቸው።

ጉድ ፈላ። በዚያ ፈሳሽ ሃያ አምስት ማግኘት የማይቻል ከሆነ፣ ሃያ አምስት የጻፈ ሠላሳ ዘጠኝ ተማሪ ሁሉ የጻፈው ከኪሱ ነው ማለት ነው። ኮስታራው ያን ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማነው። ሁሉም በአዲስ ፈሳሽ እንደገና ተፈተነ። እኔ ሃያ ከሃያ ተሰጠኝ፤ ሰማንያ አንድ ገባሁ። እናቴ ያን ቀን ፀጉር ቤቱን ከቀኑ በሰባት ሰዓት ዘጋች፤ ከዚያ በፊት ለለቅሶ ካልሆነ ዘግታ አታውቅም።

ርዕሰ መምህሩ ግን እትዬ ሚዛኑ አጠገብ እንዳይደርሱ በጽሑፍ አዘዘ። ቁልፉ በተግባር አንደኛ ለወጣው ተማሪ ይሰጥ ተባለ። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቁልፉን ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ያቀበሉኝ እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ኮስታራው ቆሞ እያየ። እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ በላብራቶሪው በር አላለፍኩም።

በሳምንቱ ኮስታራው ለታችኞቹ ክፍሎች ፈሳሽ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። ገባሁ። እትዬ እያጠቡ ነው፤ ከማጠቢያው ቀና አላሉም። ሚዛኑን ከፈትኩ፤ መዝገቡን ገለጥኩ። የተመዘነው ሁሉ በቀን በቀኑ የሚጻፍበት ወፍራም ደብተር ነው፤ በመጨረሻው ረድፍ የመዘነው ሰው ይፈርማል። ወደ ኋላ አገላበጥኩ። አንድ ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት። ሁሉም ገጽ ላይ ያለው የኮስታራው ፊርማ ነው። የእትዬ አንድም የለም።

ደብተሩን እንደተከፈተ ትቼ ወደ ማጠቢያው ሄድኩና ብሩሹን ከእጃቸው ወሰድኩ። ጽሑፉን እኔ አነብልዎታለሁ፣ እርስዎ ይመዝኑ አልኳቸው። ሞኝ አትሁኚ፣ ታስወጪኛለሽ አሉኝ። ካስወጡን አብረን ነው አልኩ። ከዚያ እጃቸውን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠቡ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ እያንዳንዱን ዕቃ እያስነበቡኝ፣ እያስደገሙኝ መዘኑ። እኔ ፍላስኮቹን አጠብኩ።

በማግሥቱ ኮስታራው መዝገቡን አይቶ ብዕሩን ሲያወጣ፣ የተጻፈውን ስም ሊሰርዘው ነው ብዬ ቁልፉን ልመልስ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። ከሥሩ "አይቼዋለሁ" ብሎ ፈረመና ወጣ። እኔ ትምህርት እስክጨርስም እንዲሁ ኖርን። ያ ግን በማግሥቱ የሆነ ነው። በዚያች ከሰዓት መዝነው ሲጨርሱ እስክሪብቶውን አቀበልኳቸው፤ መፈረሚያውን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው ስማቸውን በሙሉ፣ ፊደል በፊደል ጻፉት፤ የአባታቸውንም ጨመሩ፤ መስመሩ አልበቃቸው ብሎ ወደ ኅዳጉ ወጡ። እኔ ደብተሩን ልዘጋ እጄን ሰደድኩ።

"ቆይ፣ አትክደኚው" አሉኝ። "ቀለሙ ይድረቅ።"